ከፋሲካ በኋላ ለጫጉላ ዛንዚባር፦ አምስት ሌሊት ይበቃል?

የሳሪሷ_ሙሽራ
ሰላም የቤቱ ልጆች። እኔም እጮኛዬም ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም። ላንጋኖን ባሕር ካላላችሁ ማለቴ ነው። ሰርጋችን ሚያዝያ 18 ነው። መልሱና ቅልቅሉ አልቆ ኀሙስ ወይም ዓርብ ለመብረር አስበናል። ከዚያ በፊት ብንጠፋ አክስቶቼ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱልኝም። የተፈቀደልን ዕረፍት አጭር ስለሆነ እዚያ የምናድረው አምስት ሌሊት ነው።

ያሰብነው የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን ነው። ቅርብ ነው፣ ፎቶው ያምራል። አንድ አስጎብኚ የላከልን ፕሮግራም ይኸውና፦ አንድ ሌሊት ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌ ከተማ፣ ሁለት ሌሊት ኑንግዊ ዳርቻ፣ አንድ ሌሊት ፓጄ ዳርቻ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ትንሽ ደሴት ላይ። በየቀኑ ጉብኝት አለ። እጮኛዬ አይቶት "ይሄማ የመስክ ሥራ ነው" አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቪዛውንም፣ ገንዘቡንም፣ ልብሱንም፣ የምታውቁትን ሁሉ ጣሉልኝ። እኔ ዋና አልችልም። እሱ እችላለሁ ይላል።

ቁንዶ_በርበሬ
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ስለ ዝናቡ የነገረሽ ሰው አለ?

የዛንዚባር ዋናው የዝናብ ወቅት ማሲካ ይባላል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይዘልቃል። ብሶበት የሚወርደው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። የኛ ሰው ደግሞ የሚደግሰው ወይ ጥር ነው ወይ ከፋሲካ በኋላ። የጥር ሙሽሮች ሙቀቱ ቢጠብሳቸውም ሰማዩ ይከፈትላቸዋል። የፋሲካዎቹ ግን ቀጥ ብለው ማሲካ ውስጥ ይገባሉ። ሆቴሎች ዋጋ የሚሰብሩት በዚህ ጊዜ ነው። ጭራሽ ዘግተው እድሳት የሚጀምሩም አሉ። ርካሽ ፓኬጅ ሲመጣልሽ መጀመሪያ "ለምን ረከሰ?" ብለሽ ጠይቂ።

ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ማለቴ አይደለም። ጠዋት ወርዶ ከሰዓት ቁልጭ የሚልበት ቀን አለ። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ዕድሉን ይሞክር። ከአምስቱ ሁለቱ ቀን ከተበላ ግን ምን ቀራችሁ?

የሳሪሷ_ሙሽራ
ወይ ጉድ! የአስጎብኚው ልጅ "አልፎ አልፎ ያካፋል" ነው ያለኝ። ሰርጉን ማንቀሳቀስ አይሆንም፣ አዳራሹ ተከፍሎበታል።

ገራገሩ
ዝናብ ለማየት ዶላር ከምታወጡ ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ኑ፣ በነፃ አሳያችኋለሁ።

ቁንዶ_በርበሬ
@ገራገሩ ስትቀልድ ዋናውን ነገር ነካኸው። የኛ ክረምት ለነሱ ደረቅ ወቅት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ዛንዚባር ነፋሻ ናት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሙቀቱም ይቻላል። አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ ስንዘል እዚያ ቀን ቀን 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። አስተማሪ የሆነ፣ የክረምት ዕረፍት ያለው ሰው ይቺን ይያዝ። ክፋቱ ፈረንጆቹም የሚጎርፉት ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ የማደሪያ ዋጋ ይወጣል።

የዱባይ_ልጅ
ማልዲቭስን ለምን ማንም አያነሳም? የሀብታም ብቻ ይመስላችኋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘሽ ስትደርሺ የ30 ቀን ቪዛ በነፃ ይመቱልሻል። የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ማደሪያ ማሳየት አለብሽ። ኢሙጋ የሚባል ፎርም ደግሞ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኦንላይን ይሞላል። ሪዞርቱን ትታችሁ የሀገሬው ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ፣ ለምሳሌ ማፉሺ፣ ጌስት ሃውስ ብትይዙ ዋጋው ሌላ ነው።

ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች አልኮል የለም። በዋና ልብስ የሚታየው ለእንግዳ በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ የሕዝብ ጀልባ አይሠራም፣ ዓርብ ከደረሳችሁ ውድ የሆነውን ስፒድ ቦት ትከፍላላችሁ። እኛ የዱባዮቹ ቀጥታ አራት ሰዓት በረን እንገባለን፣ ለአምስት ሌሊት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ግን ሲሄዱም ሲመለሱም አውሮፕላን መቀየር አለ። ለእናንተ እኔ ራሴ አልመክረውም።

ማሄ_የኖረ
ሚያዝያን ካልለቀቅሽ መልሱ ሲሼልስ ነው። ለሥራ ማሄ ላይ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሲሼልስ ላይ ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዞራል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ዝናቡ ያኔ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ደረቅ ነው ግን ባሕሩ ይረበሻል። በሁለቱ መሀል፣ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ፣ ነፋሱ ጸጥ ይላል። ውኃው ጥርት ብሎ ታችኛው አሸዋ ይታያል። ስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውኃ ውስጥ አድርጎ መዋኘት) ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እናንተ የምትደርሱት ልክ በዚያ ጊዜ ነው፣ ግንቦት ከመጠንከሩ በፊት።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። ከበረራው በፊት ግን የጉዞ ፈቃድ በኦንላይን ይሞላል፣ ጥቂት ዩሮ ይከፈልበታል። የመመለሻ ትኬት፣ የማደሪያ ማረጋገጫና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይፈልጋሉ። ፈቃዱ ካልወጣልሽ ቦሌ ላይ አውሮፕላን አያሳፍሩሽም። ወባ ደሴቶቹ ላይ የለም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ደሴቶቹ 115 ናቸው ይባላል፣ ለመንገደኛ ግን ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ማሄ ላይ አውሮፕላን ማረፊያውና ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ አሉ። ፕራላን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ነው። ላ ዲግ ከፕራላን ሩብ ሰዓት ናት፣ እዚያ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። ፕራላን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ጫካ አለ፣ በ1983 በፈረንጆች በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከዕፅዋት ሁሉ ትልቁ ዘር፣ ኮኮ ደ ሜር፣ የሚገኘው እዚያ ነው። አንዱ ዘር እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ያለ ፈቃድ ይዘሽ ብትወጪ ይወረስብሻል።

አሁን መራራው። ሲሼልስ ውድ ናት። ማደሪያውም ምግቡም ከዛንዚባር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ማሄ ላይ አውቶቡሱ ርካሽ ነው፣ ምሳ ከመንገድ ዳር ቴክ አዌይ ቤት ዓሣ በሩዝ ብትገዙ ይቀላል፣ ጌስት ሃውስ ከነማብሰያው ይከራያል። ያም ሆኖ ሰርግ ከፍሎ ለጨረሰ ኪስ ይከብዳል።

የሳሪሷ_ሙሽራ
@ማሄ_የኖረ ምራቄን አስዋጥከኝ። ዋጋውን አይቼ ደግሞ ውኃ ጠጣሁ።

ሞያሌ_በር
ገንዘብ ካጠራችሁ ሞምባሳ ሂዱ። ኬንያ ለኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ሞምባሳ ከተማዋ ራሷ ደሴት ናት፣ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግራችሁ ዲያኒ ትገባላችሁ፣ አሸዋው ዱቄት ነው። መሬቱን ለሚወድ ደግሞ ከናይሮቢ ባቡር አለ። ላሙም አለች፣ መኪና የማይገባባት፣ አህያ ብቻ።

ቁንዶ_በርበሬ
@ሞያሌ_በር ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ያው አንድ ዳርቻ ነው። ዛንዚባር ሲዘንብ ሞምባሳም ይዘንባል።

ጡረተኛ_መርከበኛ
ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ሁሉም ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ውኃው ያነሳ የለም። ዕድሜዬን በመርከብ ላይ ስለጨረስኩ ይቺን እኔ ልበል።

ባሕር በሌለው ሀገር ያደገ ሰው የባሕር ዳርቻን እንደ ሐዋሳ ያስበዋል። ሐዋሳ ጠዋት ያየሽው ውኃ ማታም እዚያው ነው። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ እንዲሁም ስትጠፋ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መሀል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ዛንዚባር ላይ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ጨረቃ ላይ ይቀንሳል።

አሁን ካርታውን ክፈቺ። ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ፣ ወለሉ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውኃው ሲጎድል ሩቅ ይሸሻል፣ ቦታ ቦታ ላይ ኪሎ ሜትር ይሞላል። ቁርስሽን በልተሽ፣ ዋና ልብስ ለብሰሽ ስትወጪ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በጎናቸው ተጋድመው ታገኛቸዋለሽ። የቀረው ውኃ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ ፀሐይ መትቶት ለብ ብሏል። ከዚያ ባሻገር ሴቶች ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰብስበው ጎንበስ ብለዋል። ችካል ከችካል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ነው የሚሰበስቡት። በጆንያ ሞልተው፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በጭንቅላታቸው ያወጡታል። አስጥተው ያደርቁትና ወደ ውጭ ይላካል፣ ምግብና ቅባት ማወፈሪያ ይሆናል። ውኃው ተመልሶ እስኪመጣ ነው የሥራ ሰዓታቸው። እኔ ከደሴቱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ለመዋኘት የመጣ ሙሽራ ግን "ባሕሩን የት ወሰዱት?" ሊል ይችላል።

ሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ወለሉ ቶሎ ይጠልቃል። ውኃው ቢጎድልም ብዙ አይሸሽም፣ ብዙውን ሰዓት ይዋኝበታል። ያ አስጎብኚ አንድ ሌሊት ፓጄ ሲልሽ ያ ቀን ውኃው ስንት ሰዓት እንደሚሞላ አይቷል ወይ? የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ቀን ከመቁረጥሽ በፊት እዩት።

የሳሪሷ_ሙሽራ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። እርስዎ ቢሆኑ አምስቱን ሌሊት እንዴት ይከፍሉታል?

ጡረተኛ_መርከበኛ
አንዱን ከተማ፣ አራቱን አንድ ዳርቻ ላይ። አልበትነውም።

ደሴት_ዘላይ
አራት ሌሊት አንድ ቦታ? ይሰለቻል ጋሼ! ሰው ደሴት የሚሄደው ዞሮ ለማየት ነው። ኑንግዊም ፓጄም መታየት አለባቸው።

ማሄ_የኖረ
@ደሴት_ዘላይ እስቲ ሰዓቱን ቁጠረው። ከሆቴል ጠዋት 4 ሰዓት ውጡ ይሉሃል። ሻንጣህን ጠቅልለህ፣ መኪና ጠብቀህ፣ ከኑንግዊ ፓጄ አንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓት ትነዳለህ። አዲሱ ሆቴል ክፍል የሚሰጥህ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ገብተህ፣ ታጥበህ፣ ስትወጣ ውኃው ሄዷል። አንድ ቀን በላህ። በአምስት ሌሊት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጠቅለል ማለት ጫጉላውን ፖርተር ሆኖ ማሳለፍ ነው። ፓጄን ለማየት ለቀኑ መኪና ይዞ ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ደሴት_ዘላይ
እሺ ለሙሽሮች ልተውላችሁ። ለእኔ ግን አሁንም ይሰለቸኛል።

ገራገሩ
ሙሽራ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰለቸው? 😂

ቤቴል_ካፌ
ሕክምና ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አትርሱ። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚገኝባቸው አገሮች ዝርዝር ስላለች ታንዛኒያም፣ ሲሼልስም፣ ማልዲቭስም ከኛ የሚመጣን ሰው ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚሠራው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጡ። አንዴ ከተወጉ ለዕድሜ ልክ ነው፣ የድሮ ካርድ ያለው ሰው እንደገና አይወጋም።

ዛንዚባር ላይ ወባ በጣም ቀንሷል፣ ግን ጠፍቷል አይባልም። ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ አልለመደውም። ሐኪም አማክሩ፣ ማታ ማታ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ የትንኝ ቅባት ያዙ። ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ "ከጉዞ ድካም ነው" አትበሉ፣ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

ፀሐዩን በተመለከተ "እኛ ጥቁር ነን አይነካንም" የሚባለውን ተዉት። ስኖርክል ላይ ፊትሽ ውኃ ውስጥ ሆኖ ጀርባሽ ለሁለት ሰዓት ይጠበሳል። ቲሸርት ለብሰሽ ግቢ።

የዲሲ_እህት
ሰላም። እኔ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስመጣ ወደ ዛንዚባር ጎራ ልል አስቤ ነበር። በአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛው ስንት ነው?

ቁንዶ_በርበሬ
@የዲሲ_እህት ለአሜሪካ ዜጋ 100 ዶላር ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ዓይነት። ለሁላችሁም፦ ቪዛው በኦንላይን የሚጠየቀው በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን በራሱ ገጽ ነው። እሱን መስለው የተሠሩ፣ ተጨማሪ ብር የሚላጩ ገጾች ስላሉ አድራሻውን አጣሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ደግሞ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።

ሌላው፣ ብዙ ሰው ቦሌ ከደረሰ በኋላ የሚሰማው፦ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 በፈረንጆች ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ ዋስትና መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ በነፍስ ወከፍ። የራስሽ ኢንሹራንስ ቢኖርሽም እሱን አይተካም። በኦንላይን ከፍለሽ ወረቀቱን በስልክሽም በእጅሽም ያዥ። ሁለታችሁ ስትሆኑ 88 ዶላር፣ በጀቱ ላይ ከአሁኑ ጻፉት።

ሳንቲም_ቆጣሪ
ገንዘቡን እኔ ልውሰደው። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንክ ስትሄዱ ለጉዞ ዶላር ይሸጡላችኋል። መጠኑና ኮሚሽኑ ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። ከመብረሪያው ዋዜማ አትሂዱ፣ ካሽ የለም የሚባልበት ቀን አለ። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚሰጡም አሉ። ዛንዚባር ላይ ኤቲኤም የሚበዛው ከተማው ውስጥ ነው፣ ዳርቻው ላይ ትንሽ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ብር ያልቅበታል።

ዶላሩን ስትቀበሉ ኖቱን ገልብጣችሁ ዓመቱን እዩ። ከ2006 በፈረንጆች በፊት የታተመ ከሆነ እዚያ አይቀበሏችሁም። የተቀደደና ቀለም የነካውም እንዲሁ። ባንኩ መስኮት ላይ እያላችሁ ነው የሚቀየረው፣ ቤት ከገባችሁ በኋላ አይደለም።

አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይና ስቶን ታውን መሀል "ወንድሜ፣ ታክሲ፣ ጉብኝት" እያሉ የሚከተሏችሁ ደላሎች ፓፓሲ ይባላሉ። አያስፈሩም፣ አይጎዱም፣ ግን አይለቁም። የመኪናውን ዋጋ ሳትገቡ ተነጋገሩ። እስከ ኑንግዊ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሆቴሉ መኪና ቢልክ ያሳርፋችኋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለነሱም አንድ ሰዓት ነው፣ ሰዓታችንም እኩል ነው። ፈረንጅ እዚያ ይምታታበታል። ግን ሹፌሩ እናንተን እንደ ቱሪስት ቆጥሮ በፈረንጅ ሊናገር ይችላል፣ ስለዚህ "ፀሐይ ሳትወጣ ነው ወይስ ከወጣች በኋላ?" ብላችሁ አጣሩ። የጀልባና የአውሮፕላን ትኬት ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው።

የሳሪሷ_ሙሽራ
እሺ፣ ትናንት ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሲሼልስን ለአሥረኛ ዓመታችን አሸጋገርነው 😅። የሰርጉ ሰሞን ሁለት ሌሊት ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር እናርፋለን። ከዚያ የዓመት ዕረፍቴን ክረምት ላይ አውጥቼ ዛንዚባር፣ ያው አምስት ሌሊት። ኬንድዋ ወይስ ኑንግዊ? ሐምሌ ስንት ላይ ብንሄድ ይሻላል? የእጮኛዬን ዋናም ቅዳሜ ገንዳ ወስጄ ፈትኜዋለሁ። እስከ መሀል ይደርሳል፣ ተመልሶ መምጣቱ ነው ያስቸገረው።

እማማ_ጥሩዬ
ልጄ የጾሙንም አስቢበት እንጂ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በመሀሉ ሂጂ፣ ያኔ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ነፃ ናችሁ። ከፋሲካ በኋላ ብትሄዱ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ እሱም አይኖርባችሁም ነበር፣ ዝናቡ ነው እንጂ ያበላሸው።

የሳሪሷ_ሙሽራ
እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴም ይሄንኑ ነው ያለችኝ። ረቡዕና ዓርብ ምን እንበላለን?

ቁንዶ_በርበሬ
እሱ አያሳስብሽ። የዛንዚባር ወጥ ግማሹ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ነው፣ ቅቤ የለበትም። ባቄላ በኮኮናት፣ ሩዝ በኮኮናት፣ ቻፓቲ። ዓሣ ለሚበላ ደግሞ የኦክቶፐስ ወጣቸውን ይሞክር። ማታ ስቶን ታውን ፎሮዳኒ የሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ምግብ ሻጮች ይደረድራሉ። የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ ጨምቀው ይሰጡሻል። ኡሮጆ የሚሉት ሾርባም አለ፣ ቢጫ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ድንችና ባጂያ የሚገባበት። ዋጋውን ጠይቀሽ እዘዢ፣ በእንጨት የተሰካውን ዓሣ ደግሞ ትኩስ መሆኑን እይ።

የቅመም እርሻ ጉብኝት ግማሽ ቀን ነው፣ እሱን አትዝለሉት። ቅርንፉድ ከዛፉ ላይ፣ ገውዝ ከነቀይ መረቡ፣ እርድ ከነሥሩ ታያላችሁ። እናትሽ ኩሽና ያለው ሁሉ ዛፉ ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። ለእማማዎቹ የምትወስዱትን ግን ከከተማው ገበያ ብትገዙ ይረክሳል።

ኬንድዋ ወይስ ኑንግዊ ላልሽው፦ ኬንድዋ ጸጥ ያለና አሸዋው ሰፊ ነው። ኑንግዊ መንደር ነው፣ ጀልባ ሲሠሩ ታያላችሁ፣ ምግብ ቤት ይበዛል። በሁለቱ መሀል ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሐምሌ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ፓጄ በካይት ሰርፊንግ (ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ውኃ ላይ መንሸራተት) ልጆች ይሞላል፣ ኬንድዋና ኑንግዊ ያሉበት ሰሜን ምዕራቡ ግን ከነፋሱ የተከለለ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ የምትታየውም በዚያ በኩል ነው።

ጡረተኛ_መርከበኛ
አስተካክላችኋል። ሁለት ነገር ልጨምር። ምኔምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ለስኖርክል ስትሄዱ ላይፍ ጃኬቱን ጀልባው ሳይነሳ ልበሱ፣ ከሄዳችሁ በኋላ "የለም" ቢባል መመለስ የለም። ለሁለታችሁም ነው የምለው፣ ለሙሽራውም ጭምር። ውኃ ሲጎድል በእግር ስትሄዱ ደግሞ የጎማ ጫማ አድርጉ። ድንጋዩ መሀል የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ ይሰበርና እግር ውስጥ ይቀራል።

ሚቻምቪ አጠገብ ድንጋይ ላይ የተሠራች ምግብ ቤት አለች፣ ፎቶዋን አይታችሁ ይሆናል። ውኃ ሲጎድል በእግር ይገባባታል፣ ሲሞላ በጀልባ። ወንበር ስታስይዙ ሰንጠረዡን አይታችሁ ያዙ፣ በእግር ገብታችሁ በጀልባ እንድትወጡ።

ቤቴል_ካፌ
ልብስም ጠይቀሽ ነበር። ዳርቻው ላይ የፈለግሽውን። ስቶን ታውንና መንደር ውስጥ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሕዝቡ ሙስሊም ነው። አንድ ቀጭን ነጠላ ለሁሉም ይሆናል። ስቶን ታውን ላይ የአንግሊካኑ ካቴድራል የቆመው እስከ 1873 በፈረንጆች የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ነው። እዚያ ስትገቡ ለፎቶ አትሣቁ።

የፕላስቲክ ከረጢት በሻንጣ አትያዙ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተከለከለ ነው። ቦሌ ዱቤይ ዕቃ የሚጠቀልሉባትንም ጭምር።

ሳንቲም_ቆጣሪ
@ቤቴል_ካፌ ዱቤ ነው ያልሽው ወይስ ዲዩቲ ፍሪ? 😄 በዱቤ የሚሰጥ ካለ ንገሪኝ።

ቤቴል_ካፌ
ዲዩቲ ፍሪ! ስልኬ ነው የሚያስተካክለው።

የሳሪሷ_ሙሽራ
የመጨረሻ ጥያቄ። የስቶን ታውኗ ሌሊት መጀመሪያ ላይ ትሁን መጨረሻ?

ማሄ_የኖረ
መጨረሻ ላይ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሩብ ሰዓት ነው፣ ከኬንድዋ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ። የበረራ ጠዋት መንገድ ላይ ልብ ከሚሰቀል እዚያው ማደር።

ደሴት_ዘላይ
መጀመሪያ ላይ። ደክማችሁ ትደርሳላችሁ፣ ፎሮዳኒ በልታችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ከተማውን በእግር አይታችሁ፣ በዚያው የቅመም እርሻውን አልፋችሁ ወደ ሰሜን። መንገዱ ላይ ነው። ከባሕር ዳር አራት ቀን ቆይታችሁ መጨረሻ ላይ ከተማ ብትገቡ ሙቀቱ ያማርራችኋል።

ቁንዶ_በርበሬ
ለመጀመሪያ ጊዜ ከደሴት_ዘላይ ጋር ተስማማሁ። የመመለሻ በረራችሁ ከሰዓት ከሆነ መጀመሪያ ላይ አድርጉት። ጠዋት ከሆነ ማሄ_የኖረ ልክ ነው።

የሳሪሷ_ሙሽራ
ከሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ በቃ። ነገ የቢጫ ወባ ክትባቱን ልንወጋ ነው፣ የሐምሌን የውኃ ሰንጠረዥ ደግሞ እሱ አትሞ ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል።